የገና አጥንት

መርሳ፣ ግንቦት 2015 ዓ.ም.

ለማልረሳሽ እህቴ፣

እንደምን አለሽ? አራስነቱ እንዴት ይዞሻል? ወተቱስ ለሕፃኗ ይበቃታል? ባለቤትሽ ደኅና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ባሌ ወንዳወቅም ልጆቹም ሰላም በይልን ብለዋል።

ከመቀሌ የላክሽው ሁለተኛ ደብዳቤ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነ። አንብቤ ፍራሽ ሥር ከተትኩት። በዚያ ክፉ ቀን እናቴን ያስጠጋሽልኝ አንቺ ነሽ፣ ልጄን ክርስትና የምታነሺልኝም አንቺ ነሽ፣ ስሟንም ኣባዲት ብያታለሁ ብለሻል። ሰማንያ ቀኗ እየደረሰ ነውና ከዚህ በላይ ዝም ልል አልችልም። የቆየሁት አፍሬ ነው። አሁንም እያፈርኩ ነው የምጽፍልሽ።

እማማ ኣባዲት ወልድያ ያለውን ሱቃቸውን ዘግተው ወደኛ የመጡት በ2014 ታኅሣሥ፣ የትግራይ ሰው የተባለ ሁሉ ቤት ለቤት ሲፈለግ በነበረበት ሰሞን ነው። ጓሮ ካለችው የእህል ክፍል አስቀመጥናቸው፤ በሩን ከውስጥ ይቀረቅሩታል። እናትሽ የማይችሉበት ነገር ብቻቸውን መብላት ነው። የጎረቤታችን የስዩም ውሻ በበሩ ሥር አፍንጫውን ሲያስገባ ቁራሽ እንጀራ ይሰጡታል። ጾም ስለነበረ ሌላ የሚሰጡትም አልነበራቸው። እሱም ምሳ ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ድምፅ ሳያሰማ በልቶ ይሄዳል። ማንም ልብ አላለውም።

ከዚያ ገና ደረሰና በግ አረድን። እማማም ከድርሻቸው ሁለት ቀን አጥንት ሰጡት። በሦስተኛው ቀን እንደ ድሮው እንጀራ ቢያቀርቡለት አሽትቶ ተወው። በጾሙ ሲስገበገብለት የነበረውን ያንኑ እንጀራ ነው እኮ። በሩን በእግሩ እየመታ ያጉረመርም ጀመር። እማማ፣ ይሄስ እንደ ሰው ነው ብለው አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ስዩም ያን ሰሞን ቤት ለቤት ከሚፈትሹት የሰፈሩ ጠባቂዎች አንዱ ነበር። በማግሥቱ በአጥር ብቅ ብሎ፣ ውሻዬን ምን አቀመሳችሁት፣ ቤቱን እኮ ረሳው ብሎ ቀለደብኝ።

ወንዳወቅ፣ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነው፣ አጥንቱን ትንሽ ትንሽ እያሉ ይቀንሱለት አለ። እኔ ግን እማማን ከእንግዲህ ምንም እንዳይሰጡት አልኳቸው። ይተወዋል ወይ አሉኝ። ይተወዋል አልኳቸው።

እህቴ፣ ሥራዬን ታውቂያለሽ። ስንት ዓመት ሙሉ ለምርምር ፍየል ሳለማምድ ኖሬአለሁ። ደወል እየመታን መኖ እንሰጣቸዋለን፤ ከለመዱ በኋላ ደወሉን ሲሰሙ እየሮጡ ይመጣሉ። መኖው ሲቋረጥባቸው ታዲያ መምጣቱን ወዲያው አይተዉትም። መጀመሪያ ይብስባቸዋል። ሦስት አራት ቀን ይጮኻሉ፣ በረቱን በቀንድ ይደበድባሉ፤ የሚተዉት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ለስንቱ ገበሬ ያስተማርኩ ሰው፣ ለእናትሽ ግን ይተወዋል ብቻ ብዬ ዝም አልኩ። ረስቼው ነው ብል ማን ይመሰክርብኛል? አልረሳሁትም።

ውሻው ከተከለከለ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ባሌንና ልጆቼን ይዤ ግራና ከተማ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን የነገረኝ ስዩም ነው። ቀትር ላይ ውሻው በሩን እየቧጨረ ሲያላዝን ሊወስደው መጣ። አብረውት የሚዞሩ ሁለት ሰዎችም ተከትለውት ነበር። እማማ ውሻውን ዝም ሊያሰኙት በሩን ገርበብ አድርገው ራሱን ሲደባብሱት ደረሱባቸው። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ዓይኔን እጨፍን ነበር አለኝ ስዩም፤ አምነዋለሁ። ማን አስገባዎት ሲሏቸው፣ ሰው የሌለበት ቤት መስሎኝ ራሴ ገባሁ አሉ። ስሜን አልጠሩም።

በታሰሩበት አዳራሽ ስንቅ ያመላለሰላቸው ወንዳወቅ ነው። እኔ በምን ዓይኔ ልያቸው? ሚያዝያን ሳያዩ አረፉ። ከማረፋቸው በፊት ለወንዳወቅ፣ ልጄን ውሻውን እንዳትመታው በላት፣ ለምዶ ነው ብለውታል። ልጄ ያሉት እኔን ነው።

በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ያን ቀን የት እንደነበርን ብትጠይቂኝ፣ የባሌ አክስት ሞተው ግራና ለቅሶ ላይ ነበርን ብዬ ጽፌልሽ ነበር። የባሌ አክስት ደኅና ናቸው። ወንዳወቅንም ያስነሣሁት ናፍቀውኛል፣ እንጠይቃቸው ብዬ ነው። ያን ቀን ግራና የሞተ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ልጅሽን ሌላ ሴት ታንሣልሽ። ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ አፌ አልደፈረም። ማርያም በጤና ታሳድግልሽ፣ ለወግ ለማዕረግ ታብቃልሽ፣ የእናትሽንም ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ታኑርልሽ።

እህትሽ ብዬ መፈረም ስላቃተኝ፣

አብሮ አደግሽ