ታየች የጠራችው ስም

ጎንደር፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለጌትነት በላቸው
እንቴቤ፣ ሐይቁ ዳር

ወንድም ዓለሜ፣ እንደምነህ? ሌላ ጊዜ ይህን ቃል የምጽፈው ለወጉ ነበር፤ ዛሬ ግን እየጠየቅሁህ ነው። እኔ ደህና ነኝ ልልህ አልችልም፣ ታምሜ ግን አይደለም። የስፌት ማሽኔም ቤቱም ጎረቤቱም እንደተውካቸው ናቸው። የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገርህ። መሀል ላይ ብትስቅ አልቀየምህም፤ እኔም መሀል ላይ ስቄያለሁ።

ፊልሜ ተመረጠ ብለህ የደወልክልኝ ዕለት ትዝ ይልሃል? አዳራሽ የሌለው ፌስቲቫል ነው፣ ሰው ሁሉ በያለበት ሆኖ በኢንተርኔት ያየዋል፣ አዘጋጆቹም እንደ እኔው ካሜራ እየተዋሱ የሚሠሩ የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው አልከኝ። እኔም አዳራሽ ከሌለው አዲስ ቀሚስ ለማን ልለብስ ነው ብዬ ቀለድኩብህ። ፌስቲቫሉ ሲከፈት የሰፈራችን ኔትወርክ እንደ ልማዱ ጠፋና ሳላየው ቀረሁ። ሌላው ሰው ግን በየሆቴሉ ዋይፋይ እየፈለገ አይቶታል። ከዚያም አንዱ ከፊልምህ የልቅሶውን ቦታ ብቻ ቆርጦ በቴሌግራም በተነው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው።

እኔ ያየሁት የሰዉን መለወጥ ብቻ ነው። ጠዋት ሱቅ ስከፍት መንገደኛው ሁሉ ሰላምታ ያረዝምብኛል፣ እጄን ይዞ አይለቅም። ዳቦ ቤት ስገባ ወሬ ይቆማል። በራፌ ላይ የተሸፈነ ምግብ ተቀምጦ አገኛለሁ፣ ያስቀመጠው ሰው አይታወቅም። ስለ ቆሻሻ ውሃ ስንነታረክ የኖርነው ባለ ቡና ቤቷ ጎረቤቴ አንድ ጠዋት የእኔን በር ጠርጋ ጠበቀችኝ። የፈራሁት ያን ጊዜ ነው።

ዙበይዳ ደግሞ አለች። የጨርቅ ሱቋ ከእኔ ስፌት ቤት ጋር ግድግዳ እንደሚጋራ ታውቃለህ፤ በዚያ ግድግዳ በኩል ስንት ዘመን ተነጋግረናል። ከሱቋ ደህናውን ጥቁር ጨርቅ ይዛ መጣችና ቀሚስ ስፊልኝ አለች። ለማን ነው ስላት ለዘመድ አለች። ልኳን አምጪ ስላት በባንኮኒው ላይ የተኛውን ሜትር አየችው እንጂ እኔን አላየችኝም። በአንቺ ልክ ይሁን፣ ቁመናችሁ አንድ ነው አለችኝ። ሰፋሁት። ወገቡን በራሴ ወገብ ለካሁ፣ እጅጌውን በራሴ ክንድ ሞከርኩ። መስታወት ፊት ቆሜም ሸጋ ወጣልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

አንድ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። አያ ሐብተ ማርያም ከአምባ ጊዮርጊስ ድረስ መጥተው ቆመዋል። እኚያ መንገድ የሚፈሩ አጎታችን! ከኋላቸው የሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ ከሁሉም ኋላ ዙበይዳ ቀሚሱን አጥፋ በክንዷ ይዛ። አንተም የዚሁ አገር ልጅ ነህ፤ ሽማግሌ በማለዳ ተሰብስቦ ሲመጣ ምን ይዞ እንደመጣ አይጠፋህም። ለካ ከተማው ሁሉ ሐዘንተኛ መሆኔን አውቆ እኔ ብቻ ሳላውቅ ነበር የምኖረው። የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ጌትነት ማረፉን ሰምተናል አሉኝ። ከማን ሰማችሁ ስላቸው፣ የአምባ ጊዮርጊሷ አልቃሽ ታየች ስታለቅስለት በስልክ አይተን አሉ። ያን ጊዜ ነው የሳቅሁት። እንባዬ እስኪወርድ ነው የሳቅሁት፣ ሴቶቹ አእምሮዋን ሳተች ብለው ሊይዙኝ ተነሡ። ፊልም ነው እኮ አልኳቸው። በመጋቢት አምባ ጊዮርጊስ ሲቀረጽ እኔ ራሴ ከካሜራው አጠገብ ጃንጥላ ይዤ ፀሐይ ስከልል ነበር። ሟቹ አለነ የሚባል፣ ከገደል የወደቀ ማር ቆራጭ ነው፤ በምድር ላይ የሌለ ሰው። ሙሾውንም አንተው ጽፈህ ታየችን ቃል በቃል አስጠናሃት፤ ስትደጋግመው እኔም ሸመደድኩት። በቃሌ አልኩላቸው፦

አምባ ላይ ተወልዶ ደጋ ምድር አድጎ፣
ገደል በላው አሉኝ አለነን ሸሽጎ።

አያ ሐብተ ማርያም ሽማግሌዎቹን ዞረው አዩ። ዙበይዳ ስልኳን ከፍታ ሰጠችኝ። ቦታው እሱው ነው። የጃንጥላዬ ጥላ ሳሩ ላይ ወድቆ ይታያል። ታየች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ የመጀመሪያውን መስመር እንዳስጠናሃት አለችው። ቀጥላ፣

ውሃ በላው አሉኝ ጌትነትን ሸሽጎ

አለች። ደግመሽ ክፈችው አልኳት፣ ከፈተችው። ደግሜ አስከፈትኳት። የከንፈሯ አነቃነቅ እንኳ ከቃሉ ጋር ይገጥማል። ሳቄ እዚያው ቀረ።

ስልክህ ላይ ደወልኩ። ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ የምትለውን ትላለች። ቆይቼ ደወልኩ፣ እሷው ናት። አያ ሐብተ ማርያም ድምፁን እስክንሰማ አንቺም አታልቅሺ፣ እኛም አንሄድም አሉ። ዙበይዳ ግን መላ አገኘች። የፌስቲቫሉ መዝጊያ ቀን ተመልካቹ ከፊልም ሠሪዎቹ ጋር በቀጥታ ይነጋገራል የሚል ማስታወቂያ አይታለች፤ ስምህም ከተጋባዦቹ መሀል አለ። እንግዲህ እንጠብቅ ተባለ።

የመዝጊያው ዕለት ከሰዓት ሽማግሌዎቹ የዙበይዳ ሱቅ ውስጥ በጨርቅ ጥቅሎች መሀል ተቀመጡ። ፊልም ሠሪዎቹ በስልኩ ላይ በየመስኮታቸው ብቅ ብቅ አሉ፤ አንዱ ይስቃል፣ አንዷ ፀጉሯን ታስተካክላለች። ያንተ መስኮት ጨለማ ነው፣ ከሥሩ ስምህ ተጽፏል። አወያዩ ጌትነት ገብቷል፣ ማይኩም ክፍት ነው፣ ምስሉ ብቻ ነው ያልመጣው አለ። እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ከመስኮትህ ውሃ ይሰማል፤ ቀስ እያለ አንድ ነገር ይመታና ይመለሳል። ሐይቅ ዳር ስለሚኖር ነው ብዬ ለሁሉም አስረዳሁ።

አወያዩ ይሰማሃል ወይ አለህ። የሚሰማው ውሃው ብቻ ነው። ጥቂት ቆይቶ ከተመልካች የተጻፈ ጥያቄ አነበበልህ። “ፊልሙ ላይ የሚለቀስለት ሰው ማን ነው?” ይላል። ያን ጊዜ ውሃው ጸጥ አለ። ዙበይዳ ክንዴን ጨበጠችኝ። ማይኩ ላይ አንድ ሰው ሊናገር አየር ሲስብ የሚሰማው ዓይነት ነገር ሰማሁ፤ ሌሎቹ አልሰማንም ይላሉ። ከዚያ መስኮትህ ከስልኩ ላይ ጠፋ። አወያዩ ኔትወርክ ነው አለ። ዙበይዳም ቀስ ብላ ኔትወርክ ነው አለች።

በማግሥቱ መንገዱ ክፍት ነው ሲባል ከአያ ሐብተ ማርያም ጋር አምባ ጊዮርጊስ ሄድኩ። ታየች ደጇ ላይ ባቄላ ስትፈለፍል አገኘናት። ገና ስታየኝ ተነሥታ ልታቅፈኝ ስትል ገፋኋት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ምነው የወንድሜን ስም ጠራሽ አልኳት። ባቄላውን ከጉልበቷ አራግፋ ተቀመጠች።

“እኔ አለነ ነው ያልሁ፤ ገደልም ነው ያልሁ። ሳለቅስ ግን አፌን አልሰማውም፤ የዛሬ አይደለም፣ ዱሮም እንዲሁ ነኝ። ልጁ ግን ሰምቶታል” አለችኝ።

የቱ ልጅ ብላት አንተን ነው።

“አንቺ ጃንጥላውን ልታጥፊ ስትሄጅ ካሜራውን እንደያዘ ፊቱ ከሰል መስሎ መጣ። ምነው ልጄ ስለው፣ ‘እማማ፣ ስሜን ጠራሽኝ’ አለኝ። አልጠራሁህም አልሁት። ‘ይሁን፣ እንዳለ ልተወው ነው’ ብሎ ሳመኝና ሄደ።”

ጌትነት፣ ይህን ለእኔ አልነገርከኝም። ከዚያ ጎንደር ድረስ አብረን በአንድ መኪና ተሳፍረን መጣን፣ ሙዝ ገዝተህ አበላኸኝ፣ አልነገርከኝም። ሰምተህ ከነበረ ምነው አልቆረጥከው? ቆርጦ መጣል ሥራህ አይደለም ወይ? ዋና የማትችል የደጋ ልጅስ፣ ያን ቃል ሰምተህ ሐይቅ ዳር ቤት የምትከራየው በምን ልብህ ነው? በጣም ተናድጄብሃለሁ። እንደዚህ መናደድ የሚቻለው በሕይወት ባለ ሰው ላይ ነው፣ ስለዚህ ልናደድ ተወኝ።

ለምን በወረቀት እንደጻፍኩልህም ልንገርህ። በቴሌግራም ስጽፍልህ ሰንብቻለሁ። ከያንዳንዱ መልእክት ሥር ሁለቱ ምልክቶች ይመጣሉ፤ ተነቧል ማለት ነው ይሉኛል። አንብበህ ዝም የምትል ልጅ አይደለህም። በድምፅህ አንዲት ቃል በለኝ ብዬ ጻፍኩ፤ ወዲያው ተነበበ፣ መልስ የለም። ከዚያ ወዲህ ስልኩን ጨርቅ ሸፍኜ ነው የማድረው። ማን እንደሚያነበው ሳላውቅ ሌላ ቃል አልጽፍበትም።

የዙበይዳ ወንድም አብዱልመናን ለንግድ ካምፓላ እየሄደ ነው። እንቴቤ ድረስ ወርዶ ይፈልግሃል፤ ከልጅነትህ ጀምሮ ያውቅሃል፣ ሌላ ሰው አንተን መስሎ አይቀበለውም። ደብዳቤውን ለጌትነት በእጁ ስጠው፣ ለጎረቤትም ለቤት አከራይም እንዳትሰጥ ብዬዋለሁ። ካላገኘኸው ሳትከፍተው መልሰህ አምጣልኝ፤ መርዶዬ እሱ ይሆናል፣ ሽማግሌም አያስፈልገኝም ብዬዋለሁ። እስከዚያ ጥቁር አልለብስም። ለቅሶ የሚመጣውንም ሰው ሻይ እየሰጠሁ እመልሳለሁ፤ ከተማው እብድ ቢለኝ ይበለኝ።

እመቤቴ ማርያም ጥላ ከለላ ትሁንህ። ክፉ አይንካህ። እግዚአብሔር ነፍስህን ይጠብቅ። እዚህ ላይ እጄ ሌላ ቃል ጀምሮ ነበር፤ ነፍስህን ብዬ “ይማር” ልጽፍ “ይማ” እስክል አላወቅሁም። ወረቀቱን ቀድጄ ሁሉንም ከላይ ጀምሬ ገለበጥኩት። ቦታው ላይ ስደርስ እጄ ደግሞ ያንኑ ጀመረ። ይህ አሁን የምታየው ሦስተኛው ወረቀት ነው፤ ቃሉን አንድ በአንድ፣ ጮክ ብዬ እየጠራሁ ነው የጻፍኩት።

አንብበህ ስትጨርስ ለአብዱልመናን ስሜን በድምፅህ ንገረው።

ካለሁበት የምትጠብቅህ እህትህ
የትነበርሽ በላቸው