የኔታ የሳቱባት ቦታ

ሐምሌ ፲፱ ቀን ፲፰፻፶፭

ዝናብ። ዲያቆን ሞላን አባረርሁት። ለቡሄ ማኅሌት ስንዘጋጅ የዐቢይ ጾምን ዜማ አስገባ... ለሁለተኛ ጊዜ። “መሪጌታ፣ አፌን አዳለጠኝ” አለ። ያልተጠና ነው የሚያዳልጥ። ይሂድ፤ ጉና አባቱ ዘንድ ገብስ ይጠብቅ።

የኔታ ወልደጊዮርጊስ ከደጃፉ ሆነው ሰሙ። ዜማ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ሰማንያ አልፏቸው ከእኔ ቤት ይኖራሉ። “ምነው ልጄ፣ ይህን ያህል ምን አደረገህ?” አሉኝ። ይህን የሚሉ እሳቸው ናቸው። በሃያ ዓመቴ አንዲት የዜማ ምልክት ብስት ጀርባዬን የላጡት... ሲበርድ ዛሬም ይቆጠቁጠኛል።

ሐምሌ ፳፰

የኔታ ስሜን ረሱ። “አንተ ቁጡው” ብለው ጠሩኝ። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እሳቸውም አብረው። ያ ሁሉ ቁጣ ወዴት ሄደ? አምሳ ሦስት ሆነኝ። በዚህ ዕድሜ እሳቸውም እንዲሁ ነበሩ። ለእኔ አውርሰው ቀለላቸው ልበል?

ነሐሴ ፮

“የቡሄን ማኅሌት እኔ ልምራ። ለመጨረሻ ጊዜ” አሉ የኔታ። ቢረሱስ? ደብሩ ሁሉ ይሰማል። የደብሩ አለቃ ገብረመድኅን “ሽማግሌውን አታዋርዳቸው፣ ይቅርባቸው” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ልከለክላቸው ገባሁ... መቋሚያቸውን ሲወለውሉ አገኘኋቸው። ሳልከለክላቸው ተመለስሁ።

ነሐሴ ፲፫

መሩ። ድምፃቸው ቀጭን፣ ግን ጥርት ያለ። ከዚያ... ወደ ዐቢይ ጾም ዜማ ገቡ። ሞላ የሳተባት ያችው ቦታ።

የከበሮ መቺው እጅ ቆመ። ሁሉም እኔን አየ። ማረም የእኔ ድርሻ ነው። አፌን ከፈትሁ።

በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል አይነካም። ጸናጽሌን አስቀመጥሁና ተከተልኋቸው። አለቃም አስቀመጡ። ከዚያ ሁሉም። በመቋሚያ ብቻ እስከ ፍጻሜው ዘለቅን። ማንም አልሳቀም።

እቤት ስንደርስ “ደኅና መራሁ?” አሉኝ።

“ደኅና መሩ፣ የኔታ።”

“አንተ ግን ሳትህ። በበዓል ቀን ጸናጽልህን ወዴት ጣልኸው?”

ነሐሴ ፲፰

በበቅሎ ጉና ወጣሁ። ሞላን ከገብሱ ማሳ አገኘሁት። ምን እንደምለው መንገዱን ሙሉ ሳስብ ነበር... “ዕቃህን ያዝ” ብቻ ወጣኝ።

መስከረም ፭

ሞላ ዛሬም ያችኑ ቦታ ሳተ። ደሜ ፈላ። አለንጋዬን ብፈልግ ከቦታው የለም። የኔታ ከአጎዛቸው ላይ ተደላድለው ተቀምጠዋል፤ የአለንጋዬ ጫፍ ከሥራቸው ይታያል።

“ምን ጠፋህ?” አሉኝ።

“ምንም፣ የኔታ።”

ሞላን “ድገማት” አልሁት።