የወፍጮው ገመድ

ሙርሺዳዬ፣

ዛሬ አክስቴ እዚህ ሆላንድ፣ የውሃ ቦይ ዳር የቆመ የድሮ የነፋስ ወፍጮ አሳየችኝ፤ አሁን ሙዚየም ሆኗል። ላይ ስንወጣ ባለወፍጮው ሲሳብ ክንፎቹን የሚለቀውን የፍሬን ገመድ ይዞ፣ «ክንፎቹን ማን ያስነሳልኝ?» አለን። በጣም ፈልጌ ነበር። እጄን አነሳሁ፤ ሰው ሁሉ ሲያየኝ ግን ሻርፔን አስተካከልኩበት። ገመዱን አንድ ሽማግሌ ሳቡት። ክንፎቹ ሲዞሩ ወለሉ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ ሽማግሌውም እንደ ልጅ ሳቁ።

እዚያ እኛ ሰፈር ፎርድስበርግ ቢሆን አንቺ «እሷ ናት የምትፈልገው፣ አፍራ ነው!» ብለሽ ትገፊኝ ነበር፤ እኔም እቆጣሽ ነበር። ዛሬ የምቆጣው ሰው አጣሁ። ነገ ከዚህ ከተማ እንሄዳለን።

ፖስት ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሰላም በይልኝ፤ ትንሹን ወንድምሽን ፈሪድን ጉንጩን ሳሚልኝ። ስመጣ ግፊኝ። ብቆጣም ግፊኝ።

ሩመይሳ