ስልኩ የማያየው ጀርባ

ልጄ፣ በሰው አገር ክፉ ዓይን አይይሽ፤ የያዝሽው ሁሉ ይቅናሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጣሪያው ተጠግኗል፤ ድመቷም ወልዳለች።

እቤት እየመጣች አባትሽን እንድታስታምም የአስታማሚዎቹ ድርጅት የላካትን ልጅ አባርሬያታለሁ። አንቺ በስልክ ስታዪው «ፊቱ እንዴት ወዝቷል!» ትይ ነበር። ለካ ልትደውዪ ስትይ ፊቱን አጥባ ቅባት ትቀባዋለች፤ ስልኩ የማያየውን ግን አትነካውም። አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ገብቼ ባገላብጠው ጀርባው ቆስሎ አንሶላው ላይ ተጣብቋል። አንደበቱ ከተያዘ ወዲህ «አመመኝ» ማለት እንኳ አይችልም።

የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ሽቶውን ነስንሶ ሊያባብለኝ መጣ። አባትሽን ወደ እኔ አልጋ አዛውሬዋለሁ፤ ሽንት ያራሰውን የእሱን ፍራሽ ግን ሆን ብዬ አላጠብኩትም። ንጹሕ አንሶላ ጣል አድርጌበት «አረፍ ይበሉ» አልኩት። ከመቀመጡ ብድግ አለ።

«እትዬ፣ ይሄ ርጥብ ነው እኮ!»

«አዎ፤ እርስዎ አፍ ስላለዎት ቶሎ ተናገሩ።»

የሱሪውን መቀመጫ በቦርሳው ከልሎ ሲወጣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ግን አልበቃኝም። ሠራተኛ የላከባቸውን ቤቶች እያንኳኳሁ «አንሶላውን ገልጣችሁ እዩ» እላለሁ። የጎረቤታችን ልጅ የእናቷን ጀርባ አይታ አለቀሰች፤ አሁን አብራኝ ታንኳኳለች። ሥራ አስኪያጁ ደውሎ «በልጅዎ ይዤዎታለሁ፣ ይተዉኝ» አለ። «ልጄንማ በአባቷ ወዛም ፊት ስታታልሏት ከረማችሁ» ብዬ ዘጋሁበት።

ፈጣሪ ከሚያዝንልሽ ሰው ያገናኝሽ። አደራሽን፣ ቁስሉ ሳይድን «ይቅር በያቸው» አትበዪኝ። ስትደውዪም ስልኩን እኔ ብይዘው እንኳ ፊቱን ብቻ አይተሽ እንዳታምኚ፤ «እማዬ፣ ጀርባውን አሳዪኝ» በዪ።