ያልተዋጠው ክኒን

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9
መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር ሲነሣ አራት ሰዓት ሆነ። የመመረቂያ ጥናቴን የመጨረሻ የደም ናሙናዎች መርምሬ ጨረስኩ። የጨጓራ ቁስለት ያለባቸው ሃያ አራት ሰዎች፣ ሁሉም አሲድ የሚቀንስ ክኒን የታዘዘላቸው። አሲድ ሲያንስ ጨጓራ ጋስትሪን የሚባለውን ሆርሞን ያበዛል፤ ምግብ ሲገባ ደግሞ ይብስበታል። አሥራ ስምንቱ ላይ እንደዚያው ሆነ። ስድስቱ ግን... ክኒን ቀምሶ የማያውቅ ሰው ደም። ለምን?

ረቡዕ፣ መጋቢት 10
አማካሪዬ ዶክተር ይሻው ላብራቶሪው ሁሉ እየሰማ፣ "ስድስቱን ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ነው የጻፍሽው" አለኝ። (እዚህ ደብተር ላይ አንቱታ የለውም።) ካላስተካከልኩ አይፈርምም። ካልፈረመ አልመረቅም።
አላለቀስኩም።

ዓርብ፣ መጋቢት 12
የስድስቱን ካርድ አወጣሁ። አራት ካህናት፣ አንዲት መነኩሲት፣ አንድ የቅኔ መምህር... እንዴት እስከ ዛሬ አላየሁትም?

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13
ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ ከተማ፣ የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ጥላዬ ዘንድ ሄድኩ። ከሳጥናቸው እሽጉን አወጡልኝ። በቅበላ የተሰጣቸው ሠላሳ ፍሬ፣ አሁንም ሠላሳ።
"ለምን አልዋጡትም?"
"ጠዋት ከምግብ በፊት ብላችሁ ጽፋችኋል። በጾም ጠዋት አፌን ውኃ አይነካውም። የጠዋቱን በዘጠኝ ሰዓት ልዋጠው?"
"ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?"
"መቼ ጠየቅሽኝ፣ ልጄ? የፈለግሽው ክንዴን ነው።"
ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ኋላ ገባኝ... የያዙት ስለሚያማቸው ነው።
ለሙከራው የሚበሉትን ምግብ የጾም ያደረግሁት፣ ሰዓቱን ከቅዳሴ በኋላ ያደረግሁት እኔ። የቄስ ልጅ። ክኒኑን ረሳሁት።

ሰኞ፣ መጋቢት 15
አምስቱን በስልክ ጠየቅሁ። መልሱ አንድ ነው። ለዶክተሩ ነገርኩት። ተነሥቶ በሩን ዘጋ።
"እሺ፣ ስድስቱን ከጥናቱ አውጫቸው፤ እፈርማለሁ።"
"አይወጡም።"
"ግትር ነሽ።"
"ውሸታም ሲሉኝ በሩ ክፍት ነበር፣ ዶክተር።"

ሐሙስ፣ መጋቢት 18
የላብራቶሪው ስብሰባ። ቀድሜ ተነሣሁ። "ክኒኑን መዋጣቸውን ሳልጠይቅ ደም ቀድቻለሁ። ጥፋቴ ይህ ነው። ቁጥር ግን አልፈጠርኩም።"
የላብራቶሪው ኃላፊ አቶ ባዩ፣ "ዶክተር፣ ተራው የእርስዎ መሰለኝ" አሉ።
ዶክተር ይሻው ተነሣ። "ሠናይት አልዋሸችም።" ሁለት ቃል። ፈረመ። ስድስቱም አሉበት።
መድኃኒት ቤቱን አማክሬ ለመሪጌታ ደወልኩ። በጾም ቀን፣ ከዘጠኝ ሰዓቱ ምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይዋጡት።
"ከቅዳሴ ወጥቼ?"
"ከቅዳሴ ወጥተው።"
"ቀድሞውኑ እንዲህ ብላችሁ አትጽፉም ነበር?"
ታካሚ የሚጠየቅበት ቅጽ ላይ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፦ በጾም ቀን ክኒኑን መቼ ይውጣሉ? አንደኛ ላይ አስገባሁት። ከክንድ በፊት።