ከደረጃው ሥር የተቀጠለው ሽቦ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ። እንዴት ሰነበትክ? እኛስ አለን፤ አልጋህም እንደተነጠፈ ነው።

ኢንተርኔታችን ለምን እንደሚቆራረጥ ደረስኩበት። ቴሌ ብደውል ያነሳችው ልጅ «ሞደሙን ዋናው ሶኬት ላይ ብቻ ሰካው፤ ካልተስተካከለ ሽቦውን ተከተል» አለችኝ። ተከተልኩት። ከደረጃው ሥር አከራያችን የእኛን መስመር ልጦ ለራሱ ቀጥሎበታል። መጋጠሚያውን እንኳ አልሸፈነውም፤ ሰው ደረጃውን በረገጠ ቁጥር ኢንተርኔቱም የቤት ስልኩም ይቋረጣል። ያን ቀን አንተ ስትወድቅ ጎረቤት ሊረዳን በደረጃው ሲሮጥ፣ እማዬ ለአምቡላንስ አድራሻችንን ነግራ ሳትጨርስ የተቋረጠባት ለዚህ ነው። ለቅሶህ ላይ ከሁሉ በላይ የጮኸው ግን አከራያችን ነበር።

በፒንሳህ የሱን ቆርጬ የእኛን በፕላስተር ጠቀለልኩት።

እማዬ ትናንት እህቷ ጋ ሄደች። ጃኬትህን ለብሳ፣ የራሷን ቁልፍ ለእኔ ትታ ነው የወጣችው። «ስደርስ እደውላለሁ» ብላኛለች፤ እስካሁን አልደወለችም።

ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ስነቃ አከራያችን በር አንኳኳ።

«የኔ ልጅ፣ ኢንተርኔቴ ጠፋ እኮ። ወንድምህ ነበር የሚያይልኝ።»

«ሞደሙን አጥፍተው ያብሩት፣ አባባ።»

«እምቢ ካለስ?»

«ደግመው ያጥፉት።»

በሩን ዘጋሁና ስልኩን አንስቼ አዳመጥኩ። መስመሩ ጥርት ብሏል። መልሼ አስቀመጥኩትና ትምህርት ቤት ሳልሄድ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ባለህበት ሰላም ሁንልኝ።

ታናሽህ