የጆሮዬ ባለቤት እኔ ነኝ

ኅዳር 12፣ ሐሙስ ከሰዓት

ለማይሰማው ልጄ፣ ከማትሰማው እናትህ፤

እንደምን ከርመሃል? ሚስትህስ? ያቺ አፏ የማያርፈው ልጅህስ? እኔ ደህና ነኝ። ሰላምታው እዚህ ላይ አለቀ፤ አሁን ልቆጣ ነውና ተቀመጥ። ጽሑፌ ከተጠማዘዘብህ ቻለው፤ ፊደል የለየሁት አንተ ስታጠና አጠገብህ ቁጭ ብዬ በጎን እያየሁ ነው፣ ታውቃለህ።

ሰኞ እህትህ ጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ቀጠሮውን ከባሕር ማዶ ሆነህ ያስያዝከው አንተ ነህ፤ እሱን ታውቃለህ። የማታውቀውን ልንገርህ። ሐኪሙ በር ሲያልፍ ጎንበስ የሚል ረጅም ሰው ነው። ፊቱ ላይ ማስክ ለጥፎ ያወራል! ማስኩ ይነፋል፣ ይሟሽሻል፤ ይነፋል፣ ይሟሽሻል። የጆሮ ሐኪም እኮ ነው! ቀኑን ሙሉ ከደንቆሮ ጋር እየዋለ አፉን ይሸፍናል! እኔ የሰው ከንፈር እያየሁ እንደምኖር እህትህ ታውቃለች፤ እሷም አትነግረውም። ራሷን ትነቀንቃለች፣ ትጠይቃለች፣ እንባዋ ይመጣል፣ ይመለሳል። ይሄን ሁሉ አውርተው ሲያበቁ፣ ቤት ውስጥ ለእኔ የምትጽፍባትን ትንሿን ነጭ ሰሌዳ አወጣች። ምን ብትጽፍ ጥሩ ነው? «በእጅ ይሁን ብዬዋለሁ። አይዞሽ።»

ምኑ ነው በእጅ የሚሆነው? ሊጥ ነኝ?

ወደ ኮሪደሩ እንደወጣን አንተ በምስል ደወልክ። እሷ ማዳመጫውን ጆሮዋ ውስጥ ወተፈች፤ አንተ ለእኔ እጅህን አወዛወዝክልኝ፣ ለሕፃን እንደሚደረገው። ከዚያ ተጣላችሁ። ከንፈርህን አይቼዋለሁ፤ «ሮቦት ይሁን! ሮቦት እጁ አይንቀጠቀጥም» ትላለህ። እሷ «እናቴ ጭንቅላት ውስጥ ማሽን አይገባም!» ትላለች። እኔ መሐል ላይ እንደ ቁም ሳጥን ቆሜያለሁ፤ በየት በኩል እንደምወጣ እየተከራከራችሁብኝ። ደሜ ፈላ።

ትቻችሁ ተመለስኩና በሩን ከፍቼ ገባሁ። አላንኳኳሁም። ባንኳኳስ «ግቢ» ሲለኝ እሰማለሁ?

«ልጄ፣ መጀመሪያ አፍህን ግለጥልኝ» አልኩት። «ጆሮው የኔ ነው። ለእኔ ንገረኝ።»

ደነገጠ። ማስኩን አወረደና «ይቅርታ እማማ» አለኝ። እውነቱን ልናገርና ጥርሱ ያምራል፤ ምን እንደሚደብቅ አላውቅም። ከዚያ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ ቀስ እያለ ነገረኝ፤ ያልገባኝን እየጻፈ። ከጆሮ ውስጥ ቀንድ አውጣ የመሰለች ነገር አለች አሉ። እሷ ውስጥ ክር የመሰለች ሽቦ ትገባለች፤ ድምፁን ለጭንቅላት የምታደርሰው እሷ ናት። ከጆሮዬ ኋላ ያለውን አጥንት የሚከፍተው በሁለቱም መንገድ ሐኪሙ ራሱ ነው። ልዩነቱ ሽቦዋን መግፋቱ ላይ ነው፤ ወይ በእጁ ይገፋታል፣ ወይ ማሽኑ ይዞ እጅግ ቀስ እያለ ያስገባታል። ማሽኑም ብቻውን አይሠራም፤ ሐኪሙ ከጎኑ ነው፣ ካላማረው ያቆመዋል። አንተ ደግሞ ሮቦት ስትል፣ እኔ በእግሩ እየሄደ የሚመጣብኝ መስሎኝ ነበር።

ቀጥሎ ማናችሁም ጠይቃችሁኝ የማታውቁትን ጠየቀኝ። «አሁን ምን ይሰማዎታል?»

ግራው ድሮ ሞቷል፤ ለዚህም ሥራ አይሆንም ብሎኛል። በቀኙ ግን ወፍራም ወፍራሙ ይሰማኛል አልኩት። ነጎድጓድ። የጭነት መኪና። በር ሲላተም። የወንድ ድምፅ፣ ወፍራም ከሆነ።

ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያ «እሱ ሊጠፋ ይችላል» አለኝ። በእጅም ቢሆን፣ በማሽንም ቢሆን። ማሽኑ ቀስ ስለሚል ያችን ቅሪት ለማትረፍ ይሻላል ብለው ተስፋ ያደርጋሉ፤ ንግግር በመስማቱ ግን ያን ያህል የሚለያዩ አይመስልም። «ምዬ አልነግርዎትም፤ በማሽን የተሠራላቸው ገና ጥቂት ናቸው» አለ። ምዬ አልነግርሽም የሚል ሰው ደስ ይለኛል።

ይሄን ለእህትህ ቀድሞ ነግሯታል! ለአንተም ነግራሃለች! ስወጣ «ለምን ደበቅሽኝ?» አልኳት።

«እንዳትጨነቂ ብዬ ነው እማዬ።»

«እኔ ሳልጨነቅ ማን ሊጨነቅልኝ ነው? ጆሮው አንቺ ላይ ነው ያለው?»

አለቀሰች። ዝም አላሰኘኋትም፤ ታልቅስ። አንተም ደስ ካለህ አልቅስ። መስማት ባቆም ማሰብም ያቆምኩ መሰላችሁ? ከእናንተ ክርክር አንዷን ቃል እንኳ ወደ እኔ ዞራችሁ ብትሉ ምን ነበረበት?

እኔ ወስኛለሁ። በማሽኑ ይሁን ብዬዋለሁ። ደስ እንዳይልህ! አንተ ስላልክ አይደለም፤ ቀስ ስለሚል ነው። ሐኪሙም «ካልሆነ በእጄ እጨርሰዋለሁ» ስላለኝ ነው። ይቅርብኝ ብዬም አስቤ ነበር፤ ያለችኝን ይዤ ልኑር ብዬ። ግን ልጅህ በስልኩ ላይ አፏን ስትከፍት ስትዘጋ አያታለሁ፤ ጥርሷ ይታየኛል፣ ድምፅ የላትም። ቀጭን ድምፅ ነው አሉ። እሷን ሳልሰማ ብሞት ይቆጨኛል።

አንድ ነገር ግን አለ። አባትህ እስኪሞት ድረስ ከሌላ ክፍል ሆኖ ሲጣራ እሰማው ነበር፤ እሱን ብቻ። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ የሚሰማኝ በር ነው። ዘመዱ ሁሉ «ልጅሽ ቁርጥ የአባቱን ድምፅ ይዟል» ይለኛል። ታዲያ ለእኔ ምን አደረገልኝ? ስትደውል ለእህትህ፣ እሱም በማዳመጫዋ። አይሰማትም ብለህ ነዋ! ማን ነገረህ? ሞክረህ ታውቃለህ?

ኦፕራሲዮኑ በሚመጣው ሳምንት ነው፤ ይህን ወረቀት እህትህ በስልኳ አንስታ ዛሬውኑ ትልክልሃለች። ከዚያ በፊት ደውል። ለእሷ አይደለም፣ ለእኔ። ማዳመጫውን ነቅላ ስልኩን ቀኝ ጆሮዬ ላይ ትለጥፈዋለች፤ አስጠንቅቄያታለሁ። እንዳትጮህ፤ ሰው ሲጮህ ድምፁ ይቀጥናል፣ ያመልጠኛል። እንደ ልማድህ ተናገር። ስለ ሥራህ፣ ስለ አየሩ፣ የመጣልህን። ቃሉ ላይገባኝ ይችላል፤ ግድ የለም። ብቻ ቶሎ አትዝጋው።

የምትረግጠው ሁሉ ይለስልስልህ። ሚስትህን ጤና ይስጣት። ለልጅህ ድምፅ ያብቃኝ።

ቁጣዋ ገና ያልበረደላት፣
እናትህ